ደብረ ብርሃን ሲመሽ፦ ለእንግዳ የሚሆን የምሽት መንገድ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ፀሐይ እንደጠለቀች ብርዱ ይወርዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልበት ሌሊት ብዙ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ጎዳናውን ያየ እንግዳ ከተማዋ በጊዜ የተኛች ሊመስለው ይችላል። ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ፈጠን ፈጠን ብለው ያልፋሉ፤ የባጃጅ ሾፌሮች ካፖርታቸውን ደርበው ደንበኛ ይጠብቃሉ። ጨዋታው ግን አልቀረም። ብርዱ ወደ ቤት ውስጥ አስገብቶታል፤ ፈላጊው በር ከፍቶ መግባት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ከተማዋ ስትቆረቆርም ነገሩ የጀመረው በሌሊት ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ የታየውን ብርሃን እንደ ተአምር ቆጥረው በዚያው ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው ተከሉ። በርካታ ጸሐፊዎች ያን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 በብዙ የዓለም ክፍል ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። በመላ አገሪቱ እየተዘዋወሩ ድንኳን መትከል የነገሥታት ወግ በነበረበት ዘመን፣ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1468 እስኪያርፉ ድረስ የቀሪ ዘመናቸውን አብዛኛውን ክፍል በዚህ ብርዳም ደጋ አሳለፉ።

መለኪያው ትንሽ ነው፤ ጉልበቱ ግን

የደብረ ብርሃንን ስም ከአካባቢው አልፎ ከሚያስጠሩት ነገሮች አንዱ አረቄዋ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው እንኳ «የደብረ ብርሃን» ሲባል ምን እንደሚቀርብለት ያውቃል። አወጣጡ ትዕግሥት ይጠይቃል። የተፈጨ ጌሾ በውኃ ተዘፍዝፎ ለቀናት ይቆያል፤ ብቅል ይገባበታል፤ ከዚያ የእህል ቂጣ ተቆራርሶ ይጨመርና ድፍድፉ እስኪብላላ ይጠበቃል። የተብላላው ድፍድፍ በማሰሮ ተደርጎ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉም በደንብ ይመረጋል። እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይገባና እዚያ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል። እሱ እንደገና ከተጣደ ዳግም ይሆናል። ከምድጃው ፊት ጭሱን ችለው የሚውሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ በዚሁ ሥራ ልጅ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናቶች ብዙ ናቸው።

አረቄ ቤት የገባ እንግዳ ወንበር ከመሳቡ በፊት «እንዴት አመሻችሁ» ይበል። የተቀመጡት ብድግ እንደማለት ይሉለታል፤ እሱም «በእግዜር» ብሎ ይመልሳቸዋል። አረቄው በመለኪያ ይቀርባል፤ ቆሎ ካለም አብሮ ይመጣል። ባለቤቲቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ከሆኑ «እማማ» ወይም «እትዬ» ብሎ መጥራት ደግ ነው።

ዳግም አረቄ የአልኮል መጠኑ 40 በመቶና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። በየቤቱ ስለሚወጣ ጥንካሬው ይለያያል፤ መጠኑን የሚናገር ጽሑፍም የለበትም። «ብርድ ነው፣ አንድ ጨምር» የሚል ጓደኛ መቼም አይጠፋም። እውነቱ ግን አልኮል ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ የሰውነቱ ሙቀት በዚያው ቆዳ በኩል እየወጣ ያልቃል። ጠጥቶ ውርጭ ላይ የሚያመሽ ሰው ለሕይወቱ ሊሰጋ ይገባል። አረቄ የሚቀምስ እንግዳ አስቀድሞ እህል ይብላ፣ ውኃ ይጠጣ፤ ወደ ማደሪያው ሲመለስም በእግሩ ሳይሆን በባጃጅ ይሂድ። ዋጋውን ደግሞ ሳይሳፈር በፊት ይነጋገር።

አረቄ ለማይደፍር ጠላ አለ። ሰሜን ሸዋ የገብስ አገር ነው፤ ጠላውም ይህንኑ ይመሰክራል። ጠላ ቤት ብዙ ጊዜ የተጻፈ ምልክት የለውም፤ በደጃፉ በቆመ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ካለ ቤቱ ክፍት ነው ማለት ነው። ቢራ ለሚመርጥም ከተማዋ ሩቅ አትልከውም፤ ሀበሻ ቢራና ዳሽን ቢራ ሁለቱም እዚሁ ፋብሪካ አላቸው።

ማሲንቆ ያለበት ቤት

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ፋብሪካዎችም እየበዙ ሲመጡ፣ ከተማዋ ብዙ ወጣትና ብዙ ደመወዝተኛ አገኘች። ከዚያ ወዲህ ዲጄ ያለው ቤትና የባህል ምሽት ቤት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ዲጄው የትም ይገኛል፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ምሽቱን ለባህሉ ቤት ቢሰጥ ይጠቀማል።

እዚያ አዝማሪው በአንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ማሲንቆውን እየገዘገዘ በየጠረጴዛው ይዞራል። የእንግዳውን አለባበስ፣ አመጣጡን፣ አብራው የተቀመጠችውን ሴት አይቶ እዚያው ግጥም ያወጣለታል። ሲሞገሱ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ነው፤ ብር ማውጣትና አዝማሪው ግንባር ላይ መለጠፍ የቤቱ ወግ ነው። ግጥም የሚችል ደግሞ «ተቀበል!» ብሎ አንድ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ይቀበልና በዜማው ይመልሰዋል። ግጥሙ ሰም ለበስ ከሆነ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ያልገባው እንግዳ አጠገቡ ያለውን ቢጠይቅ ደስ ብሎት ይፈታለታል። የምንጃር ዘፈን ሲመጣ ግን መፍቺ አያስፈልግም። ወንበሮቹ ይገፋሉ፣ ሰው ሁሉ ይነሣል፤ እንግዳም ቁጭ ብሎ አይታለፍም።

ለእራት የመንዝ በግ ጥብስ ደጋው የሚኮራበት ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚደርስ ሰው ሥጋ ባያገኝ እንዳይከፋው፤ የጾም በያይነቱ በየቤቱ አለ።

የቤተ ክርስቲያን ሌሊት

በዚህ አገር ሌሊቱን ሙሉ የሚያድረው ዜማ የቤተ ክርስቲያን ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ዓመታዊ በዓል ጥር 7 ይከበራል፤ በዋዜማው ካህናቱና መዘምራኑ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው ማኅሌት ይቆማሉ። መጀመሪያ ዜማው በዝግታ ይወርዳል፤ ከበሮው በኋላ ይገባል፤ ንጋት ሲቃረብ ወረቡ ይደምቃል። በሦስተኛው ቀን፣ ጥር 10፣ ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወርደው በውኃ ዳር ድንኳን ውስጥ ያድራሉ፤ ሕዝቡም ነጠላውንና ጋቢውን ለብሶ አብሮ ያድራል። ሊያይ የሚሄድ እንግዳ ቢቻል ነጭ ይልበስ፣ ሲገባ ጫማውን ያውልቅ፣ ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቅ። ሴቶች በሴቶች በኩል፣ ወንዶች በወንዶች በኩል ይቆማሉ።

አንኮበር ላይ ማደር

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አንኮበር ጭፈራ ቤት የሚፈለግባት አይደለችም። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራውን የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ የተቀበሉት በዚህ ግዛታቸው ነው። ያኔ ምሽት ማለት የግብር አዳራሽ ነበር፦ ጠጅ በብርሌ፣ ጮማ በሞሰብ፣ አዝማሪ ከደጅ እስከ ዙፋኑ። ምኒልክ ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ከተሻገሩ በኋላ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከቤተ መንግሥቱ ዛሬ የሚታየው የፈረሰ ግድግዳ ሲሆን፣ በኮረብታው ላይ የቀድሞውን አሠራር ተከትሎ የተሠራ ሎጅ እንግዳ ያሳድራል።

ወደ ላይ የሚያስወጣው መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ስለሆነ ሳይመሽ መድረስ ይበጃል። በስተምሥራቅ መሬቱ በአንዴ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ሰማዩ በጠራ ሌሊት የከተማ መብራት ያልጋረደውን የከዋክብት ብዛት እዚያ ማየት ይቻላል። ጅብ ስለሚጮህ ከግቢ መውጣት አያስፈልግም። ማልዶ የሚነሣ ደግሞ የአንኮበር ሰሪን የተባለችውን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የሌለችውን ትንሽ ወፍ ገደሉ አካባቢ ይፈልጋል።

ከመነሣት በፊት

ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት መጠየቅ ግድ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበትና የማታ እንቅስቃሴ በሰዓት የሚገደብበት ጊዜ አለ፤ ይህም የአዝማሪውንም የአረቄ ነጋዴዋንም የዕለት ገቢ ነክቷል። ስለዚህ እንግዳው ለሚያርፍበት ሆቴል ስልክ ደውሎ ስለ መንገዱና ስለ ሰዓት ገደቡ ይጠይቅ፤ ከከተማ ወደ ከተማም በቀን ብቻ ይጓዝ።

ጊዜ አመራረጡም ለውጥ ያመጣል። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ብዙ የባህል ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፤ በዚያ ወቅት የሚሄድ ሰው የበገና ድምፅ ቢፈልግ ይሻለዋል። ማሲንቆና ጭፈራ የሚፈልግ ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ይምረጥ፤ ሠርጉም የሚበዛው ያኔ ነው። ማኅሌቱንም ማሲንቆውንም በአንድ ጉዞ ማየት የሚሻ ደግሞ ከጥር 6 እስከ ጥር 12 ያለውን ሳምንት ይያዝ፤ አልጋውን ግን ከወር በፊት ያስይዝ፣ ሻንጣው ውስጥም ወፍራም ጋቢ አይጥፋ።