ተጨማሪ መረጃ፦ ሞተር ሲታደስ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይለወጥ?

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ያለውን ሞተር በጥንቃቄ ማደስ ያዋጣል። ጥቂት ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ኢጂአር ቫልቭ ጥላሸት ስለያዘ ብቻ አይጣልም፤ ይጸዳል። በቫኩም የሚሠራ ከሆነ በእጅ ቫኩም ፓምፕ ይሳብ፦ ዘንጉ ተነሥቶ ከቆየ ደህና ነው፤ ወዲያው ከተመለሰ ዲያፍራሙ ተቀዷል፣ ቫልቩ ይለወጥ። ጓርኒሲዮን ግን ምንጊዜም አዲስ! ከሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ የሚያስወጣውን ርካሽ የፒሲቪ ቫልቭም ለመቆጠብ መሞከር ከንቱ ነው።

ጭስ ሲበዛ ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የኢጂአሩ አይደለም። ለምሳሌ የዋግ ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል አየሯ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የዋግን ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ ቢተፋ፣ ኢጂአሩን ከመፍታት በፊት የአየር ማጣሪያውና የነዳጅ ፓምፑ ልክ ይታይ።