ተራ የጽሑፍ ፋይልን ወደ ድረ ገጽ ስለ መለወጥ

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ደጋ አገር የቃል ታሪክ፣ የቦታ ስም፣ ፉከራና የልቅሶ ግጥም ሰብስቦ የሚመለስ ተማሪ ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል። አንደኛው የሰበሰበውን ሳይጠፋ ማቆየት ነው፤ ሁለተኛው ሌላ ሰው እንዲያነበው ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሲፈጸም አንደኛው ይዘነጋል። ጽሑፉ ታትሞ ከተበተነ በኋላ ፋይሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወይ አይከፈትም፣ ወይም ተከፍቶ አይነበብም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ሥራዎች ከአንድ ፋይል ለመፈጸም የሚያስችለውን ፓንዶክ የተባለውን መሣሪያ አሠራር መግለጽ፣ እንዲሁም በአማርኛ ሲሠራበት የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ማመልከት ነው።

ሀ. ተራ ጽሑፍና ድረ ገጽ

ተራ የጽሑፍ ፋይል ማለት ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ብቻ ያለበት፣ የፊደሉ መጠን፣ ቀለምና አቀማመጥ ያልተመዘገበበት ፋይል ነው። ማናቸውም ኮምፒዩተር ይከፍተዋል። ድረ ገጽ ግን እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደ ሆነ የሚናገሩ ምልክቶች ያስፈልጉታል፤ አርእስቱም፣ አንቀጹም፣ ዝርዝሩም የየራሳቸው መክፈቻና መዝጊያ አላቸው። ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ አድካሚ ከመሆኑም በላይ ጽሑፉን ለዓይን ያውከዋል።

ይህን ችግር ለማቃለል ጆን ግሩበር የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ማርክዳውን የተባለውን ቀላል የአጻጻፍ ስልት አወጡ። ከዚያም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይ የፍልስፍና መምህር የሆኑት ጆን ማክፋርሌን እ.ኤ.አ. በ2006 ፓንዶክን ለሕዝብ አቀረቡ። ፓንዶክ የሚሠራው ትእዛዝ በመስመር እየተጻፈለት ነው እንጂ የሚጫኑት አዝራር የለውም። ዋጋ አይከፈልበትም፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልግም።

ለ. አሠራሩ

ስለ መንዝ ጓሳ የተጻፈ ማስታወሻ እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል፤

# የመንዝ ጓሳ

## የአጠባበቁ ልማድ

የጓሳው ሣር ለተወሰኑ ዓመታት ተዘግቶ ይጠበቅ ነበር። ይህ የቆየ ልማድ በ1967 ዓ.ም. የወጣውን የመሬት አዋጅ ተከትሎ ተቋረጠ።

## የሣሩ ጥቅም

- ለቤት ክዳን
- ለገመድ

በዚህ ምሳሌ አንዱ # ዋናውን አርእስት፣ ሁለቱ ## ንኡስ አርእስቱን ያመለክታሉ። በሰረዝ የሚጀምረው መስመር የዝርዝር አባል ይሆናል። አንባቢ እንደሚያየው፣ መሣሪያው ባይኖር እንኳ ማስታወሻው እንዳለ ይነበባል። የስልቱ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ትእዛዙ አራት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያ የመሣሪያው ስም ይጻፋል። ቀጥሎ የሚወጣው ነገር ቁራጭ ሳይሆን ሙሉ ገጽ እንዲሆን የሚያዘው አጭር ምልክት ይገባል። ከዚያ የምንጩ ፋይል ስም፣ በመጨረሻም የሚወጣው ገጽ ስም ይከተላል። ከዚያው ምንጭ፣ አንድ ፊደል ሳይነካ፣ የዎርድ ሰነድ ወይም ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማውጣትም ይቻላል። ስሕተት ቢገኝ የሚታረመው ምንጩ ነው፤ ገጹ እንደገና ይወጣል። ስለዚህ ተጠብቆ መቆየት ያለበት ምንጩ ነው፤ ገጹ ቅጂ ብቻ ነው።

ሐ. ስለ ፊደላችን

ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ቀድሞ ለአማርኛ የጋራ ቁጥር ስላልነበረ ልዩ ልዩ የፊደል ሠሪዎች የግእዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ እንደ ፈቀዱ ያሰፍሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ስልት ያዘጋጁት በዚህ ምክንያት ነው። ሴራ እያንዳንዱን የግእዝ ፊደል በተወሰነ የላቲን አጻጻፍ ይወክላል፤ በዚህ መንገድ የተጻፈውን ተራ ፋይል ፕሮግራም ወደ ግእዝ ፊደል ይመልሰዋል። የዛሬው አሠራር አሳብ፣ ማለትም ተራውን ጽሑፍ ጠብቆ መልኩን ለመሣሪያ መተው፣ በአማርኛ ያን ጊዜም ነበረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግእዝ የራሱን ቁጥር አገኘ፤ ለምሳሌ «ሀ» 4608 ሆነ። ፓንዶክ የሚጠብቀውም ይህንን ነው። በቀድሞው ፊደል የተጻፈ የዎርድ ሰነድ ቢሰጠው ግን የላቲን ጽሑፍ መስሎት ይቀበለዋል፤ ትርጉም የለሽ ገጽም ያወጣል። ስለዚህ የቆዩ ፋይሎች አስቀድመው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ከታተመው ቅጂ ጋርም መመሳከር አለባቸው። የታተመው ቅጂ ሳይጠፋ ይህን ማድረግ አጣዳፊ ነው።

ሥርዓተ ነጥብም ጥንቃቄ ይሻል። ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ ለዓይን አራት ነጥብ ይመስላል፤ ለኮምፒዩተር ግን ሌላ ቁጥር ነው። እንዲሁም በአንዱ ፋይል «ሠ»፣ በሌላው «ሰ» የተጻፈ ስም በፍለጋ አብሮ አይገኝም። ሰብሳቢዎች አንድ የአጻጻፍ ደንብ አስቀድመው ቢስማሙ ይሻላል።

መ. ስለ ግጥም

ከመንዝ ለሚሰበሰበው ጽሑፍ ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ይህ ነው። ፓንዶክ ባዶ መስመር ካላየ ተከታታይ መስመሮችን እንደ አንድ አንቀጽ ያያይዛቸዋል። የልቅሶ ግጥም ወይም ፉከራ እንዲሁ ቢሰጠው ቤት መምቻው ጠፍቶ እንደ ስድ ንባብ ይወጣል። መድኃኒቱ በየስንኙ መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር | እና አንድ ባዶ ቦታ ማስገባት ነው፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ስንኝ በመስመሩ ይቆያል። ዝርዝርም ከላይ ካለው አንቀጽ በባዶ መስመር ካልተለየ ከአንቀጹ ጋር ይቀላቀላል።

ሠ. ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በመንዝና ግሼ አብያተ ክርስቲያናት ያሉትን ብዙ መጻሕፍት አንሥቷል። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ጥናትም የኢትዮጵያን ብራናዎች መግለጫ፣ ከማርክዳውን በረቀቀ ምልክት ቢሆንም፣ በተራ የጽሑፍ ፋይል እየጻፈ ከዚያ ድረ ገጽ ያወጣል። ብራናው እንዲህ ያለ ጠባቂ ሲያገኝ፣ በቃል ያለው ግን በአብዛኛው በተማሪው ደብተርና ፋይል ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

መሣሪያው የተጻፈውን ይለውጣል እንጂ ያልተጻፈውን አይጨምርም። ቃሉ በየትኛው ቦታ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተመዘገበ፣ ተናጋሪውም ቃላቸው በሰፊው እንዲነበብ ፈቅደው እንደ ሆነ በፋይሉ ራስ ላይ መጻፍ የሰብሳቢው ፋንታ ነው። ይህ ከተደረገና ምንጩ በሁለት በሦስት ቦታ ከተቀመጠ፣ ፓንዶክ ራሱ የቀረ ዕለት እንኳ የመንዝ ሽማግሌ ቃል ይነበባል።