የጣፊያ እብጠት በቸልታ አይታይም

ጣፊያ በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ፣ ደም የሚያጣራ ብልት ነው። ከጎድን በታች ወርዶ በእጅ ሲዳሰስ አብዛኛውን ጊዜ አብጧል ማለት ነው፤ መነሻውም ተደጋጋሚ ወባ ወይም ብልሃርዚያ ሊሆን ይችላል።

በሁመራና በመተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ ሠራተኞች ደግሞ በአሸዋ ዝንብ ለሚተላለፈው ካላዛር ይጋለጣሉ። ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት በላይ የዘለቀ፣ የከሳና ግራ ሆዱ ያበጠ ሰው ሳይዘገይ ይመርመር፤ ካላዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

ያበጠ ጣፊያ ሲመታ ሊፈነዳ ስለሚችል ሆድን ማሸት አደገኛ ነው። ድንገተኛ የግራ ጎን ሕመም ወይም ራስን መሳት ከታየ በሽተኛው ወዲያውኑ ሆስፒታል ይድረስ።

የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ከቆላ ተመልሰው ትኩሳት ያደረባቸውን ወደ ጤና ጣቢያ መላክና የት እንደከረሙ ለባለሙያው ማስረዳት ይኖርባቸዋል።