ሳይቃጠል በቅጠል፣ ሃሪኬን ሳይደርስ በጀሪካን

በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት በሠራንባቸው ዓመታት «አስፈላጊው ቅድመ ዝግጅት ሁሉ ተጠናቋል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳተምናት ቁጥሩ ጠፍቶናል። ዝግጅቱ ምን እንደሆነ የጠየቀን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2024 ሃሪኬን ቤሪል ሂዩስተንን ሲመታ ያቺን ዓረፍተ ነገር እዚሁ ቤታችን አገኘናት። ለጠየቀን ወዳጅ ሁሉ «ተዘጋጅተናል» ስንል ሰንብተን ነበር። ዝግጅታችን ግን ሁለት ካርቶን የታሸገ ውኃና አንድ የእጅ ባትሪ ብቻ ነበር።

ቤሪል የመጣው በሃሪኬን መለኪያ ዝቅተኛ በሆነው አንደኛ ደረጃ ነው። ያም ሆኖ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ደንበኞች መብራት አጡ፤ ከሳምንት በላይ በጨለማ የቆዩም ነበሩ። ነፋሱ በሰዓታት ውስጥ አለፈ፤ ሙቀቱ ግን ቀረ፤ ሰውም ገደለ። በእኛ ቤት መብራት የመጣው በስድስተኛው ቀን ነው። ብልጭ ድርግም ሲል ቆየና ጸና። ኤሲውን ሳናጠፋው ትተነው ስለነበር ተቃጠለ። ልትጠይቀን ከአገር ቤት የመጣች እናታችን እርጥብ ነጠላ አናቷ ላይ ጣል አድርጋ በረንዳ ላይ ስታድር «አሜሪካ የምትሉት ይኸው ነው?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

የአትላንቲክ ሃሪኬን ወቅት በየዓመቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይዘልቃል። ከጥፋታችን የተማርነውን እነሆ።

በቅድሚያ ኤሲው። ወቅቱ ሳይገባ ፊልተሩን መቀየር፣ ውኃው የሚወርድባትን ቀጭን ቧንቧ በአቼቶ ማጽዳት፣ ውጭ ያለው ክፍል ከመሠረቱ ጋር በደንብ መታሰሩን ማየት ያስፈልጋል። ነፋሱ ከመድረሱ በፊት ቤቱን ከወትሮው አብልጦ ማቀዝቀዝና መጋረጃውን መዝጋት ጥቂት ሰዓት ያተርፋል። መብራቱ መወላወል ሲጀምር ኤሲውን ከነብሬከሩ ማጥፋት ነው። መብራት ሲመለስም እስኪጸና ይጠበቅ። ጎርፍ የነካው ከሆነ ባለሙያ ሳያየው አይነካ።

ቀጥሎ ቧንቧው። ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ሌሊቱን ሙሉ የምንሟገት ሰዎች የገዛ ቤታችን ዋና የውኃ መዝጊያ የት እንዳለ የማናውቅ ብዙዎች ነን። ዛሬውኑ ፈልገን እናግኘው። ቤት ጥለን የምንወጣ ከሆነ እሱንም የውኃ ማሞቂያውንም መዝጋት አለብን። ጎርፍ የከተማውን የፍሳሽ መስመር ሲሞላው ቆሻሻው በመታጠቢያና በሽንት ቤት በኩል ወደ ቤት ይመለሳል፤ ይህንን የሚያግድ ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ አለ። የቤት ባለቤት የሆነ ሰው የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ ያማክር።

ውኃም ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 በሃሪኬን ሃርቪ ጊዜ የቦሞንት ከተማ የውኃ ፓምፖች በጎርፍ ተበላሽተው ነዋሪው በሙሉ ውኃ አጥቶ ነበር። በፈረቃ ውኃ ያደግን ሰዎች ይህ ሊያስቸግረን ባልተገባ ነበር፤ ጀሪካን መሙላት የረሳነው እዚህ መጥተን ነው። ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን ይቀመጥ። መታጠቢያ ገንዳው ደግሞ ለሽንት ቤት ይሞላ። ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ ከተባለ ፈልቶ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ።

ጀነሬተር ያለው ሰው ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ ስድስት ሜትር አርቆ ያስነሳው። በጋራዥ ውስጥ ጀነሬተርም ሆነ መኪና ማስነሳት፣ ቤት ውስጥም ከሰል ማንደድ ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በበረዶ መብራት ባጣች ጊዜ ሽታ በሌለው በዚያ ጭስ ካለቁት መካከል ወገኖቻችን ነበሩበት። ሃሪኬንም ያንኑ ጨለማ ይዞ ይመጣል።

የኢንሹራንስም ነገር አለ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የጎርፍ ጉዳት አይከፍልም፤ ለብቻው ይገዛል። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው። ማዕበሉን በቴሌቪዥን አይቶ የሚሮጥ አይደርስበትም። ተከራዮችም ብንሆን ለዕቃችን ምን ዋስትና እንዳለን እንጠይቅ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለዕድሮቻችን። ሰው ሲሞትብን ድንኳንና ንፍሮ ይዞ ለመድረስ የሚቀድመን የለም። በቤሪል ጊዜ ግን በየአፓርትመንቱ በሙቀት የታፈኑ አዛውንቶቻችንን ቤታቸው ሄዶ ያየ ስንቱ ነው? ዕድራችን ብቻቸውን የሚኖሩትን፣ መድኃኒታቸው ማቀዝቀዣ የሚፈልገውን፣ መኪና የሌላቸውን ዛሬ ይመዝግብ፤ ማን ማንን እንደሚጎበኝም ይደልድል። ያኔ «ዝግጅቱ ተጠናቋል» ብለን ብንጽፍ አናፍርበትም።

ቸር ያሰማን።