የሦስት ግራሙ ዘብ

ሚያዝያ ሲጋመስ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሮዎች ቀይ የፕላስቲክ አበባ የተገጠመላቸው የስኳር ውሃ ጠርሙሶች ይሰቀላሉ። የሚጠበቀው እንግዳ ሀሚንግበርድ ነው፤ በምሥራቅ አሜሪካ የሚራባው ብቸኛው ዝርያ፣ የወንዱ ጉሮሮ እንደ ፍም የሚቀላው። ያ ቅላት ብርሃን በልኩ ካላረፈበት ጥቁር ይመስላል።

ጠርሙሱ አራት ወይም ስድስት ቀዳዳ ቢኖረውም የሚጠጣበት አንድ ወፍ ብቻ ነው። ጠጥቶም አይሄድም። ጠርሙሱን ቁልቁል የሚያይበት ደረቅ ጭራሮ መርጦ ይቀመጣል። ሌላ ሀሚንግበርድ ብቅ ሲል እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረወርበታል፤ ከአጥር ካሳለፈው በኋላ ተመልሶ እዚያችው ጭራሮ ላይ ያርፋል። ሴቷም ሆነች ያልጎረመሰው ወጣት ቦታውን ከያዙ ማንንም ዝር አያስብሉም።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ከአንድ ትሪ ለቆረስን ሰዎች ይህ የሚያስደስት ትዕይንት አይደለም። እኔም መጀመሪያ ሳየው ተቆጥቻለሁ። ስለ ወፉ አካል ሳነብ ግን ፍርዴን መለስኩ።

ክብደቱ 3 ግራም ያህል ነው። አየር ላይ ቆሞ ሲጠጣ ክንፉን በሰከንድ 50 ጊዜ ገደማ ያራግባል። ሌሊት ስለማይበላ፣ ስንቁ ሲያጥርበት የሰውነቱን ሙቀት ዝቅ አድርጎ የሞተ እስኪመስል ይደነዝዛል። አንድ የዱር አበባ የምትሰጠው ወለላ ደግሞ ጠብታ እንኳ አይሞላም፤ ከተመጠጠች በኋላም እስክትሞላ ጊዜ ትፈልጋለች። ሌላው ቀድሞ ወዳሟጠጣት አበባ መብረር ለእንዲህ ያለ አካል ትልቅ ኪሳራ ነው።

የዚህን ኑሮ ሒሳብ ተመራማሪዎቹ ፍራንክ ጊልና ላሪ ዎልፍ በ1975 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። የተከታተሉት ኬንያ ውስጥ የራስ ክምር ዘመድ የሆነ አበባ የሚጠብቅ ክንፈ ወርቅ ሰንበርድ የተባለ ወፍ ነበር። ሰንበርድ የሀሚንግበርድ የቅርብ ዘመድ አይደለም፤ አተዳደራቸው ግን ይመሳሰላል። ሰንበርዱ አርፎ ሲቀመጥ በሰዓት 400፣ ሲቀስም 1,000፣ ተቀናቃኝ ሲያሳድድ 3,000 ካሎሪ ያወጣል ብለው አሰሉ፤ ይህ ካሎሪ ምግብ ማሸጊያ ላይ ከምናነበው አንድ ሺኛው ነው። ማሳደድ እንዲህ ውድ ከሆነ ምን ይጠቅመዋል? አበቦቹ አንድ አንድ ማይክሮ ሊትር ብቻ ከያዙ የቀን ቀለቡን ለመሸፈን 8 ሰዓት መቅሰም አለበት፤ ሁለት ሁለት ከያዙ ግን 4 ሰዓት ይበቃዋል። ተቀናቃኙን ጥቂት ደቂቃ ያባረረ፣ አበባው እየሞላ ስለሚቆየው ቀሪውን ሰዓት ተቀምጦ ያተርፋል። ወለላው በየቦታው ሲትረፈረፍ ወይም ባላንጣው ሲበዛ ግን ትርፉ ስለሚጠፋ ዘብነቱን ይተወዋል።

የጓሮው ጠርሙስ የማያልቅ አበባ ነው። ወፉ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚጠብቀው ነገ ባዶ የምትሆን አበባ እንደሆነች ቆጥሮ ነው።

ሌሎቹም እንዲጠጡ የፈለገ ሰው ሁለተኛ ጠርሙስ ከቤቱ ማዕዘን ወዲያ ማዶ፣ ከጭራሮው በማይታይ ቦታ ይስቀል። ልኩ ለአራት ኩባያ ውሃ አንድ ኩባያ ነጭ ስኳር ነው። ማር ስለሚሻግት አይጨመርም፤ ቀይ ቀለምም አያስፈልግም። በሙቀት ወራት በየሁለት ሦስት ቀኑ አጥቦ መቀየር ግድ ነው።

ነሐሴ ሲገባ የዓመቱ ጫጩቶችና ከሰሜን የሚወርዱ መንገደኞች ይበዛሉ፤ ያኔ ዘቡ ይሸነፍና ሦስት አራት ሆነው ሲጠጡ ይታያሉ። ስብ አከማችተው ክብደታቸውን እጥፍ ሊያደርሱ ይቀርባሉ፤ ብዙዎቹም የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ፣ 800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሳያርፉ ያቋርጣሉ። በመንጋ አይጓዙም። አዋቂ ወንዶቹ ቀድመው ይሄዳሉ፤ በሰኔ የተፈለፈለው ጫጩት መስከረም ላይ ከጓሮው ሲነሳ መንገድ የሚያሳየው የለም።