በኛ ነው በፈረንጅ?

አንድ የታሪክ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለችውን ጠረጴዛ ተደግፎ «የ1966 ጋዜጣ አላችሁ?» ይላል እንበል።

«በኛ ነው በፈረንጅ?» ትለዋለች ሠራተኛዋ።

ትንሽ ያስባል። «አብዮቱ የፈነዳበት።»

«በኛ ነዋ። ዓመቱን በሙሉ ልታገላብጥ ነው ወይስ የምትፈልገው ነገር አለ?»

የሚፈልገውማ የታክሲ ሹፌሮችን አድማ ነው። አድማው የተመታው የካቲት 11 ቀን ስለሆነ የዚያ ወር «አዲስ ዘመን» ይበቃዋል። ዓመቱ በፈረንጅ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ልጁ አብዮቱን ሲፈልግ የጃንሆይን የጃማይካ ጉብኝት ሲያነብ ይውል ነበር።

ይህች ጠረጴዛ ሪፈረንስ ዴስክ ትባላለች። መጽሐፍ የሚዋሱባት ሌላዋ ናት፤ በዚህችኛዋ ጥያቄ ነው የሚስተናገደው። ሐሳቡ የመጣው ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። በማሳቹሴትስ የዉስተር ከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሳሙኤል ግሪን እ.ኤ.አ. በ1876 ፊላዴልፊያ ላይ በተደረገ ጉባኤ፣ አንባቢን ወደ ካታሎጉ ጠቁሞ ማሰናበት እንደማይበቃ፣ ቀርቦ ማነጋገርና መርዳት እንደሚገባ የሚያስረዳ ጽሑፍ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ሜልቪል ዱዊ በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ኮሌጅ ሥራቸው የአንባቢን ጥያቄ ማስተናገድ ብቻ የሆነ ሠራተኞች መደበ።

የሥራው ምሥጢር ግን መልስ ማወቁ ላይ አይደለም። ሮበርት ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ ጥያቄ አራት ደረጃ እንዳለው አሳየ። ሰው የጎደለውን መጀመሪያ በስሜት ብቻ ያውቀዋል፤ ቀጥሎ በደፈናው ያስበዋል፤ ከዚያ በቃላት ያስቀምጠዋል። ጠረጴዛዋ ፊት ሲቆም ግን «እዚህ ይገኛል» ብሎ በገመተው ልክ ቆርጦ፣ አሳጥሮ ያቀርበዋል። ስለ ጭሰኛና ባለርስት ሊጽፍ የመጣው «የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት የት ናቸው?» ይላል። አለማወቁ እንዳይታወቅበት መፍራቱም አለ። ጎበዝ ላይብረሪያን የቀረበላትን ጥያቄ ይዛ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ መጀመሪያ የተሰማው ነገር ምን እንደነበረ እስክታገኘው ድረስ።

ጠረጴዛዋን ጉግል ገደላት የሚሉ አሉ። ነገሩ ቀደም ብሎ ነው የጀመረው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ1998 ከመፈጠሩ ዓመታት አስቀድሞ፣ በ1990ዎቹ መባቻ፣ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ሪፈረንስ ዴስኩን አንሥቶ ቀላሉን ጥያቄ ለሠለጠኑ ተማሪዎች ሰጠ፤ ባለሙያዎቹን ደግሞ ረጋ ብለው በሚያማክሩበት ቢሮ አስቀመጣቸው። ጉግል የወሰደው አጫጭሩን ነው፦ የአንድ አገር ሕዝብ ብዛት፣ የአንድ ቃል ፍቺ፣ የአንድ ሰው የልደት ዘመን። በሰሜን አሜሪካ የምርምር ቤተ መጻሕፍት የሚመዘገበው የጥያቄ ብዛት ከ1990ዎቹ ወዲህ እጅግ አሽቆልቁሏል።

ቁጥሩ ራሱ ግን ያታልላል። ለረጅም ጊዜ ሠራተኛው ሰው ባስተናገደ ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ጭረት ያኖር ነበር። «ሽንት ቤት የት ነው?» ያለም አንድ ጭረት፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሁለት ሰዓት ያስቀመጠም አንድ ጭረት! ይህን ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተጠየቀውን በልፋቱ ከ1 እስከ 6 የሚመዝን መለኪያ ተዘጋጀ። 1 የመጸዳጃ ቤቱ ነው፤ 6 ደግሞ ቀናትን ሊፈጅ የሚችል ፍለጋ።

ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሪፈረንስ ዴስኩ መጽሐፍ ከሚዋሱባት ጠረጴዛ ጋር ተዳብሏል፤ ላይብረሪያኗም በቀጠሮ፣ በቻት ወይም ክፍል ድረስ ሄዳ ታስተምራለች። ቀጠሮው ጥሩ ነው፤ ጠረጴዛዋን ፈጽሞ ማንሣቱን ግን አልወደውም። ዓይን አፋሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቀጠሮ አይዝም። ሲያልፍ ሲያገድም ሰው ካየ ግን ጠጋ ይላል።

አዲስ ዓይነት ደንበኛም መጥቷል። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ተማሪዎች የጸሐፊ ስም፣ የጆርናል ስም፣ ገጽ ሳይቀር የተሟላለት ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ። ላይብረሪያኗ ስትፈልግ ጆርናሉ አለ፣ ጸሐፊውም አለ፣ ጽሑፉ ግን ተጽፎ አያውቅም። ያልተጻፈ ነገር አለመኖሩን ማረጋገጥ ያለውን ከማግኘት ይልቅ ጊዜ ይፈጃል።

የኛ አገር ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ፍለጋው ሌላ ቦታ ይሰናከላል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ደንብ የመጀመሪያውን (የግዕዙን) ድምፅ በ«a» ስለሚወክል፣ ደራሲውን «ከበደ ሚካኤል»ን በካታሎጉ ውስጥ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው «ካባዳ» ተብሎ የሚነበብ የሚመስል ስም ነው። እዚያ ደራሲው በራሱ ስም ነው የሚገባው። ብዙዎቹ የውጭ የጆርናል ዳታቤዞች ግን የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ያስቀድማሉ። ዋሽንግተን ያለ ተማሪ ጽሑፉ የለም ብሎ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት አንድ ሰው ሊጠይቀው ይገባል፦ «በራሱ ስም ነው የፈለግኸው በአባቱ?»