የቡና አገር የበጋ እንግዶች

የኤውሮፓ ምድር በበረዶ በሚሸፈንበት ወራት በእኛ ዘንድ በጋ ነውና፤ ብርዱን ሸሽተው ወደ አገራችን የሚመጡ ወፎች እጅግ ብዙ ናቸው። በልዩ ልዩ አገር ያሉ የወፍ ወዳጆችም ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር ወደ ባሕርና ወደ ሐይቅ ዳር እየወጡ የውሃ ወፎችን ይቈጥራሉ። ይህን ሰምተን እኛም ባለፈው ጥር ባልና ሚስት ከነልጆቻችን ሆነን ከቴፒ ተነሥተን ወደ ቢሻን ዋቃ ሄድን። ትርጓሜው በኦሮምኛ የእግዚአብሔር ውሃ ማለት ነው። ሐይቁ በጎደሬ ወረዳ በደን መካከል በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ነው፤ የማጃንግንም ደን ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ከሚጠበቁት የባዮስፌር ክልሎች ጋራ ቈጥሮታል።

ወይዛዝርቱ ነጭ ኩታቸውን በመኪናው ትተው ጥቁር ካባ ደረቡ፤ ነጭ ልብስ ወፍን ከሩቅ ያስበረግጋልና። የልጆቹም ወንጭፍ በሾፌሩ እጅ በአደራ ተቀመጠ፤ ይህም ከስንቁ ዝግጅት ሁሉ ይልቅ አድክሞናል። ፀሐይዋን በስተኋላችን አድርገን ዝም ብለን በተቀመጥን ጊዜ፤ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተላለፈ ጅራቱን ያለ ዕረፍት የሚነቀንቅ አንድ ትንሽ ወፍ መጣ። እንግሊዞች ሳንድፓይፐር የሚሉት ይህ ወፍ የሚፈለፍለው በኤውሮፓና በእስያ ውሃዎች ዳር ሲሆን ክብደቱ 50 ግራም ያህል ነው። በውሃውም ላይ ጅራታቸው እንደ መቀስ የተከፈለ ወፎች ትንኝ እያደኑ ይመላለሱ ነበር፤ የእነዚህማ ክብደት ከ20 ግራም ብዙ አያልፍም። ልጆቹ ግን «የባሕሩ ወፍ የታለ?» እያሉ ጠየቁን። ጀርባው የጠቆረው፥ ጋል የሚባለው የባሕር ወፍ በበጋ የሚታየው በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቅ ነው ብለን መለስንላቸው፤ ደስ አላላቸውም።

በመመለሻችን በአንድ የቡና እርሻ አጠገብ ቆምን። ወንዛና ሰሳ ባጠሉት ቡና ውስጥ ወንዱ ጥቁር፥ ሴቷ ቡናማ ቆብ የደፉ የሚመስሉ ትንንሽ ወፎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። እነርሱም ከኤውሮፓ የመጡ እንግዶች ናቸው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በደንና በጥላ ቡና ውስጥ መረብ ዘርግተው የመረመሩ ሊቃውንት፥ በደኑ ያገኟቸው የወፍ ዓይነቶች ሁሉ በጥላው ቡናም እንዳሉ በ2007 ዓ.ም. ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ከዛፍ ሥር ነፍሳት እየለቀሙ የሚኖሩት በደኑ ይበዛሉና፤ የጥላ ቡና ደኑን ፈጽሞ ይተካል ማለት አይደለም።

ከእኛ ጋራ የነበሩ፥ በሚዛን ተፈሪ በኩል የቡና መሬት ያላቸው አንድ ሹም፥ ወንዛዎቻቸውን ለሳንቃ ሊሸጡ ከነጋዴ ጋራ ተስማምተው ነበር። ባለቤታቸው ወደ ወፎቹ እያመለከቱ «እርስዎ ጥላውን ከሸጡት እነዚህ በመጪው ጥር በምን ላይ ሊያርፉ ነው? ቡናውስ ፀሐዩን እንዴት ይችለዋል?» አሏቸው። ሹሙም ለጊዜው አልመለሱም፤ ቴፒ በደረስን ጊዜ ግን ነጋዴው መጋዙን ይዞ እንዳይመጣ መልእክት ላኩ።